ስለ አቧራውም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የምታወጧቸውን ዜናዎች ሳላነብ አላልፍም። በአማርኛ ስለ ኅዋ የሚጽፍ ብዙ ስለሌለ አመሰግናችኋለሁ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ዜናው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ «እስከ ዛሬ ከታዩት ሁሉ የራቀው ጋላክሲ ተገኘ»። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከዚያም የባሰ የራቀ። የሩጫ ውድድር የምንከታተል ነው የሚመስለው።

ክብረ ወሰኑን ላጣጥል አይደለም። በ2024 ይፋ የሆነው ጋላክሲ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው ነው። ዛሬ ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። ይደንቃል። ነገር ግን ጋላክሲዎች እንዴት እንዳደጉ ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ ነገር የሚያገኘው መሀሉ ላይ ነው። ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኮከቦች ይወለዱ የነበረው ከአሁኑ አሥር እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነበር። ያ ዘመን ደግሞ በአመዛኙ የተሸፈነው በአቧራ ነው።

አቧራው በኮከቦች መሀል የሚንሳፈፍ፣ እጅግ የላመ የካርቦንና የሲሊኬት ብናኝ ነው። አዲስ ኮከብ የሚወለደው እዚያ ውስጥ ተሸፍኖ ነው። ብናኙ የኮከቡን ብርሃን ይውጣል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ሙቀቱን በኢንፍራሬድ መልሶ ይለቀዋል። ምጣድ ሲሰማ እጃችንን ጠጋ ስናደርግ እንደሚሰማን ሙቀት ማለት ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ግን አለ። ኮከቦች በዩኒቨርስ ታሪክ ውስጥ ከሰጡት ብርሃን ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ወደ ኢንፍራሬድ ተቀይሯል። እንግዲህ በዓይን የሚታየውን ብርሃን ብቻ የሚያይ ቴሌስኮፕ ምን ያህል እንደሚያመልጠው አስቡት።

ይህን መጀመሪያ ያሳየን ዌብ አይደለም። ቅሬታዬ የሚብሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ከዜናው ጠፍተዋል። በ1983 አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ብሪታንያ አይራስ የተባለ ሳተላይት በጋራ አመጠቁ። መስታወቱ 57 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የሠራውም አሥር ወር ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ሰማዩን ከሞላ ጎደል ቃኝቶ፣ በተራ ቴሌስኮፕ ደብዘዝ ብለው የሚታዩ፣ በኢንፍራሬድ ግን የሚንቦገቦጉ ጋላክሲዎችን አጋለጠ። አንዱ አርፕ 220 ነው። ከእኛ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው አንድ እየሆኑ ነው፤ ጋዙ መሀል ላይ ታጭቆ ኮከብ በኮከብ ሆኗል። ብርሃኑ ከአንድ ትሪሊዮን ፀሐይ ይበልጣል፤ አብዛኛው የሚወጣው በኢንፍራሬድ ነው።

ለምን አሥር ወር ብቻ? ለእኔ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ይሄ ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ኢንፍራሬድ ያወጣል፤ ቴሌስኮፑ ራሱም። ካልቀዘቀዘ የራሱ ሙቀት ይጋርደዋል። አይራስን ያቀዘቅዘው የነበረው ፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ እሱ ተንኖ ሲያልቅ ሥራውም አበቃ። የአውሮፓውያኑ የኅዋ ቴሌስኮፕ ሄርሼልም በ2009 ባለ 3.5 ሜትር መስታወት ይዞ ወጣና በ2013 ያው ዕጣ ገጠመው። የአሜሪካው የኅዋ ቴሌስኮፕ ስፒትዘር ግን ሂሊየሙ ካለቀበት በኋላ አጫጭሮቹን የኢንፍራሬድ ሞገዶች ብቻ እያየ እስከ 2020 መጀመሪያ ዘለቀ፤ ጎበዝ ነበር። ዌብ ሌላ መላ አለው። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 21 በ14 ሜትር የሆነ ባለ አምስት ንብርብር ጥላ ፀሐይን ይከልልለታል። ረጃጅሞቹን ሞገዶች የሚያየው መሣሪያ ብቻ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሂሊየሙ እዚያው ስለሚዘዋወር ተንኖ አያልቅም።

ስለ ርዕስ አሰጣጥም አንድ ነገር ልበል። በ2023 ዌብ ያያቸው ስድስት ጋላክሲዎች ለዕድሜያቸው ከመጠን በላይ የገዘፉ መሰሉ። ወዲያው «ቢግ ባንግ ፈረሰ»፣ ማለትም ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር የሚነገረው ንድፈ ሐሳብ ወደቀ፣ የሚል ወሬ ተናፈሰ። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ከብርሃኑ ከፊሉ ከኮከብ ሳይሆን ብርሃን እንኳ በማያመልጠው ብላክ ሆል ዙሪያ ከጋለ ጋዝ ሊመጣ እንደሚችል ታየ፤ የክብደት ግምቱም ቀነሰ። የጥንቶቹ ጋላክሲዎች ከተጠበቀው በላይ ለምን እንደደመቁ አሁንም ያከራክራል። ይህ ክርክር ግን ከፈረሰ ቢግ ባንግ ጋር አይገናኝም። ማስተካከያው ዜና ሲሆን አላየሁም።

እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ይህንን አቧራ እንደ ሄርሼል ሊያዩት አይችሉም፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል። ነገር ግን የአይራስ፣ የስፒትዘርና የሄርሼል መረጃ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጧል። የዌብም ቢዘገይ በዓመቱ ይለቀቃል። እዚሁ አዲስ አበባ ጋላክሲ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። የውጭውን ዜና ተርጉማችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ስልክ ብትደውሉላቸው ምን አለበት? ፎቶ ስታወጡም ቀለሙን ባለሙያዎች እንደሰጡት፣ ዓይናችን ያንን ብርሃን እንደማያይ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ