ስለ ጆን ስማይበርት ለወዳጄ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጠፋፋታችን በዛ፤ ናፍቀኸኛል። የድሮ ሠዓሊዎች ሸራና ቀለም ይዘው ባሕር እንዴት ይሻገሩ እንደነበር ጠይቀኸኝ ነበርና የስኮትላንዱን ጆን ስማይበርት ነገር ልጻፍልህ።

በ1688 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ተወለደ፤ አባቱ ሱፍ ነካሪ ነበር። ሰባት ዓመት ቤት ቀቢና ለሳኝ ዘንድ ሙያ ተማረ። ቤት ቀቢ ቀለሙን ራሱ ፈጭቶ ራሱ ስለሚለውስ፣ ይህ ትምህርት ኋላ ጣሊያን ሄዶ ካገኘው ያላነሰ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ለንደን ሄዶ ሠረገላ ቀባ፤ ለነጋዴዎች ሥዕል ገለበጠ። በ1719 ጣሊያን ወርዶ የታላላቆቹን ሥራ ቀዳ፤ ከነዚህ አንዱ ሠዓሊው ቫን ዳይክ የሣለው የካርዲናል ቤንቲቮልዮ ምስል ነው። በ1722 ለንደን ተመለሰ።

በ1728 ከፈላስፋውና የሃይማኖት አባቱ ጆርጅ በርክሊ ጋር ወደ አሜሪካ ተሳፈረ። በርክሊ ቤርሙዳ ላይ ኮሌጅ ሊያቆም አስቦ ነበር፤ ፓርላማው ቃል የገባለት 20,000 ፓውንድ ግን ሳይመጣ ቀረ። ስማይበርት ገንዘቡን አልጠበቀም፤ በ1729 ቦስተን ገብቶ ፖርትሬት፣ ማለትም የሰው መልክ ሥዕል፣ መሥራት ጀመረ። የበርክሊንም ጓዶች በአንድ ትልቅ ሸራ ላይ ሣላቸው፤ ወርዱ 2.36 ሜትር ገደማ ነው፣ ዛሬ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ራሱን ከኋላ በግራ ዳር አቁሟል።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። የተልባ ጨርቁ መጀመሪያ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ይጠጣል፤ ዘይት በቀጥታ ከነካው ክሩ እየከሰለ ይበጣጠሳል። የጊዜው ሸራ የታወቀ ልክ ነበረው፦ ራስና ትከሻ 76 በ63፣ እስከ ጉልበት 127 በ102 ሴንቲ ሜትር። ቀለም ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይጓዛል፤ ከዚያ ገጹ በለሰለሰ ጠንካራ ድንጋይ ላይ በመጅ ከተልባ ዘይት ጋር ይፈጫል። የተረፈው በአሳማ ፊኛ ታስሮ ይቀመጣል፤ በመርፌ ወግተህ ትጨምቀዋለህ፣ ግን አንዴ ከተወጋ አየር ገብቶ ያደርቀዋል። የቆርቆሮ ቱቦ የመጣው በ1841 ነው። ከነፍሳት የሚወጣው ቀይ በስሱ ሲደረብ ጉንጭን ያሳምራል፤ ብርሃን ግን ያጠፋዋል። የዚያን ዘመን ብዙ ፊቶች ዛሬ ገርጥተው የምናያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕል ስትጠቀልል የተቀባው ገጽ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨምቆ ይጨማደዳል፤ በደንብ ካልደረቀም ይጣበቃል። ሣጥን ውስጥ ከርሞ ነጩ ቢጫ ቢልብህ አትደንግጥ፤ የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ይወይባል፣ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል።

ዕቃው ሁሉ ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ስማይበርት በ1734 ቦስተን ሱቅ ከፈተ፦ ደረቅና የተፈጨ ቀለም፣ ዘይት፣ ብሩሽ፣ ማራገቢያ፣ የታተመ ሥዕል። በ1740ዎቹም ለንደን ላለው ሠዓሊ ለአርተር ፖንድ እየጻፈ ዕቃ ያስመጣ ነበር። ቦስተን ያለውን የፋኑል አዳራሽንም ንድፍ የሠራው እሱ ነው። ለእኔ ግን ከፖርትሬቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ያ ሱቅና ከላዩ የሰቀላቸው ቅጂዎች ናቸው። በ1751 ከሞተ በኋላ ሱቁ ለእህቱ ልጅ ተላለፈ። በ1765 አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ዊልሰን ፒል መጥቶ ሥዕሎቹን አየ። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሌላው ሠዓሊ ጆን ትራምቡል ክፍሎቹን ተከራይቶ ቤንቲቮልዮን ከስማይበርት ቅጂ ላይ ቀዳ፤ ያኔ ጣሊያንን አልረገጠም።

አክባሪ ወዳጅህ