አሳታሚውንም አንርሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ደራስያን ስታወሩ ከጀርባቸው የቆሙትንም አንሷቸው። ዱድሊ ራንዳል ገጣሚም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ከደመወዙ 12 ዶላር ቆንጥሮ ዲትሮይት ላይ ብሮድሳይድ ፕሬስ የተባለውን ማተሚያ ቤት ጀመረ። ቢሮው መኖሪያ ቤቱ ነበር። መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ እንኳ አልነበረም፤ አንድ ግጥም የሰፈረበት ነጠላ ወረቀት ነው።

በጣም የሚገርመኝ ግን የገጣሚዋ የግዌንዶሊን ብሩክስ ውሳኔ ነው። በ1950 ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። ያን ሁሉ ስም ይዛ ትልቁን አሳታሚዋን ትታ ወደዚህች ትንሽ ማተሚያ መጣች። 1969 ላይ የግጥም መጽሐፏን እዚያው አሳተመች። ገንዘብ ፍለጋ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እባካችሁ፣ ለእንዲህ ዓይነቶቹ አሳታሚዎች፣ ለመጽሐፍ ሻጮቹና ከኪሳቸው አውጥተው ለገዙት አንባቢዎችም አንድ ዓምድ ስጧቸው።

አክባሪያችሁ