እርማት ያልወጣላቸው ዜናዎች

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ታችኛው ጥግ፣ አንዲት ትንሽ እርማት አውጥታችኋል። የአንድ ባለሥልጣን የአባት ስም ተሳስቶ ኖሮ ይቅርታ ጠይቃችሁ አስተካክላችሁታል። ደግ አደረጋችሁ። እኔ በማተሚያ ቤት አራሚነት 36 ዓመት ሠርቼ በ2015 ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጋዜጣ ስገልጥ ዓይኔ ከዋናው ዜና ቀድሞ የሚሮጠው ወደ እርማቱ ነው፤ አመል ሆኖብኝ ቀርቷል። የዚያን ዕለት ግን አንብቤ ሳበቃ ብስጭት አለኝ። የአባት ስም ሲሳሳት ይታረማል፤ የጦርነት ዜና ሲሳሳት ለምን አይታረምም?

ከራሴ ልጀምር። ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የማታ ተረኛ ነበርኩ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ድንበር እንዲለይ ሔግ የተቀመጠው ኮሚሽን ውሳኔውን ያሳወቀው በዚያ ቀን ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ሥዩም መስፍን መግለጫ ሰጡ፤ ጦርነቱ የተነሣባት ባድሜ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ተባለ። የፊት ገጹ ፕሩፍ እጄ ሲገባ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ የተገደፈ ፊደል አላገኘሁም፤ አራት ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ፈረምኩበት። በሥራ ዘመኔ ከፈረምኩባቸው ገጾች እንደዚያ የጠራ ትዝ አይለኝም። ዜናው ብቻ ነበር የተሳሳተው።

ያን ጊዜ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን አስመራም በዚያው ሰሞን አሸነፍኩ ትል ነበር። የውሳኔው ጽሑፍ ባድሜ የት እንደወደቀች በስሟ ጠርቶ ስላልተናገረ፣ እውነቱን የፈለገ ሰው የመስመሩን ነጥቦች ከካርታ ጋር ማመሳከር ነበረበት። ሁለት ሰዎች ለአንዲት ላም "ለእኔ ተፈረደች" ብለው በየደጃቸው ሲጨፍሩ ያየ ጋዜጠኛ፣ ቢያንስ ላሚቱ የማን በረት እንደታሰረች ሄዶ ማየት አይገባውም? አንድም ሰው አልሄደም። ወይም የሄደው ሰው የጻፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

ያን ሌሊት ቤቴ ስደርስ ጎረቤታችን እማማ ገና አልተኙም። (ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው።) የመጨረሻ ልጃቸው በ1991 ዘምቶ፣ የመጨረሻ ደብዳቤው ከዛላምበሳ ግንባር መጥቶ፣ መርዶው የደረሰው ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ካለፈው በኋላ ነበር። ሬዲዮኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ተነሡና እልል አሉ። ነጠላቸው ጥቁር ነው። "ልጄ ከንቱ አልቀረም" አሉኝ። እኔም "አልቀረም እማማ" አልኩ። ከሰዓታት በፊት በገዛ እጄ የፈረምኩበት ወረቀት አለ አይደል።

በመጋቢት 1995 ኮሚሽኑ ራሱ ነገሩን ግልጽ አደረገው፤ ባድሜ በኤርትራ በኩል ናት። በመስከረም 1996 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለኮፊ አናን በጻፉት ደብዳቤ ውሳኔውን ሕገ ወጥና ፍትሕ የጎደለው ብለው አወገዙት። ሰው የተፈረደለትን ፍርድ ሕገ ወጥ ይላል እንዴ? ግንቦት 28 ቀን 2010 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ሲል ደግሞ የማያውቅም አወቀ። በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ "ያን ቀን የነገርናችሁ ስህተት ነበር" ያለ ጋዜጣ እኔ አላየሁም፤ በሥራዬ ምክንያት የማያመልጠኝ ጋዜጣ ጥቂት ነበር። ባለሥልጣንማ ተዉት። አቶ ሥዩም ራሳቸው በጥር 2013 በሌላ ጦርነት መገደላቸውን የሰማነው ከመግለጫ ነው።

በ2010ሩ ዜና ማግስት እማማ አስጠሩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቁም። "ልጄ፣ ያን ጊዜ እልል ያልኩት ለምን ነበር?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር አንድ ደብተር ገዛሁ። መግለጫ በሰማሁ ቁጥር ቀኑን፣ የተናገረውን ክፍልና ቃሉን መጻፍ ያዝኩ። ለጀብዱ አይደለም፤ የአራሚ እጅ አርፎ ሲቀመጥ ያሳክከዋል። መጀመሪያ "ሕግ ማስከበር" ነበር። ኅዳር 19 መቀሌ ተያዘች፤ ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ። ኅዳር 21 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ሠራዊቱ ከተሞችን ሲይዝ አንድም ሲቪል አልገደለም አሉ። የኤርትራ ጦር ገብቷል ሲባል አልገባም ተባለ፤ ይህም ለወራት ቀጠለ። መጋቢት 14 እዚያው ምክር ቤት መግባቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተናገሩ። በማግስቱ ጋዜጦቹን ሁሉ ገዝቼ ገለጥኩ። የትናንት "አልገባም" ምን ሆነ? የትም የለም። አዲሱ ዜና የአሮጌውን ወንበር ይዞ ቁጭ ብሏል፤ አሮጌው መቼ እንደተነሣ ያየ የለም።

ሌላውም ወገን ከዚህ አልተሻለም። ያኛው ቴሌቪዥን ክፍለ ጦር ደመሰስኩ ሲል ይኸኛው ክፍለ ጦር ደመሰስኩ ይላል። ደብተሬ ላይ ከሁለቱም ወገን "ተደመሰሰ" የተባለውን ብደምር፣ በሁለተኛው ዓመት ግንባር ላይ የሚዋጋ ሰው መቅረት አልነበረበትም። ጦርነቱ ግን ቀጥሏል። ደብተሬ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት አንድ ዓይነት ዜና ነው፤ "ከእኛ ይህን ያህል ሰው ሞተ" የሚል። የጠላት ሙት በሺህ ይቆጠራል፣ የወገን ሙት አይቆጠርም። ስንሸሽ "ስልታዊ ማፈግፈግ"፣ ሲሸሹ "እግሬ አውጪኝ"። አንድ ድርጊት ሁለት ስም ካለው አራሚ ወይ ይህን ወይ ያን ምረጡ ይላል። እኔን የሚጠይቀኝ አልነበረም።

የዩቲዩቡን ነገር ባላነሣው ይሻለኛል። አንዱ ካለበት አገር ሆኖ "የውስጥ አዋቂ ምንጮቼ" እያለ ከተማ ያስይዛል፤ ከተማዋ ተይዛ ሳታበቃ "ሰብስክራይብ አድርጉ" ይላል። የእህቴ ልጅ ይልክልኝ ነበር። ሁለት ሦስቱን እኔም ለሌላ ሰው አስተላልፌያለሁ፤ አፍሬበታለሁ።

አንድ ነገር እንዳትሉኝ። የጦር ዕቅድ በሬዲዮ ይነበብ አላልኩም። በኅዳር 2014 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት፣ ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም የግንባር እንቅስቃሴና ውጤት እንዳያወጣ ሲከለከል ከፊሉ ገብቶኛል። የልጅ ሕይወት ያለበት ነገር ነው፤ ጠላትም ያነባል። ግን ምስጢር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ የሆነውን አልሆነም ማለት ሌላ ነው። ዝም ያለ ባለሥልጣን ዝም ብሏል እንጂ አልዋሸኝም። ደግሞስ ምስጢርነቱ እስከ መቼ ነው? ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ የምን ጠላት ያነብብናል?

ከፊርማው በኋላ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆ የሞተው ሰው እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ለውጭ ጋዜጣ ተናገሩ። ቁጥሩን የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። በዝቷል? አንሷል? የአገሬን ሙታን ብዛት ከናይጄሪያ ሰው አፍ የምሰማው ለምንድን ነው? ትግራይ ውስጥ በጥቅምት 2016 የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለታጋይ ቤተሰቦች መርዶ ተነገረ። የሟቾቹ እናቶች እንደ እማማ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ከርመዋል። ይህን ዜና ያየሁት ከሙዚቃ ክሊፕ በኋላና ከእግር ኳስ በፊት፣ በጥቂት ሴኮንድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ አማራ ክልል ሌላ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015። ደብተሩ አላለቀም።

ስለ ሕጉም አንድ ልበል። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይጠየቃል። መልካም ሕግ ነው እንበል። መግለጫ የሚሰጡትንም ይመለከታል ወይስ መግለጫ የሚሰሙትን ብቻ? ሕገ መንግሥቱስ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ይመራ ይላል። በጦርነት ጊዜ አይሠራም የሚል ሐረግ እዚያች ንዑስ አንቀጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ፍለጋ ደግሞ ሙያዬ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ያችን የሁለተኛ ገጽ ጥግ ለአንድ ወር ያህል ለአሮጌ ዜና ስጧት። ሌሎቹን ጋዜጦች እኔ ማዘዝ አልችልም፤ እናንተ ግን ደብዳቤ እንቀበላለን ስላላችሁ ነው የምጽፈው። አራሚ ባዶ እጁን አይመጣምና አርቅቄ አምጥቻለሁ፦

"እርማት፦ በሚያዝያ 1994 ባድሜ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ተብሎ የቀረበው ዜና ስህተት ነበር። ኮሚሽኑ የወሰናት ለኤርትራ ነው።"

"እርማት፦ በኅዳር 2013 በትግራይ የተካሄደው ዘመቻ ተጠናቀቀ ተብሎ ተዘግቧል። ጦርነቱ ከዚያ በኋላ 23 ወራት ቀጥሏል።"

"እርማት፦ የኤርትራ ጦር ኢትዮጵያ ውስጥ የለም ተብሎ ተዘግቦ ነበር። ነበረ።"

የመጨረሻዋ አጭር ናት፤ በየትኛውም ክፍት ቦታ ትገባለች። ዜናው በእናንተ ጋዜጣ ካልወጣ "በሌሎች ወጥቶ ነበር" ብላችሁ ጨምሩበት። እናንተም አውጥታችሁት እንደሆነ የቆየ እትማችሁን ገልጣችሁ እዩ። እኔ የእናንተንም ቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ ከፈለጋችሁ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።

ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። የፊደል ስህተት ካገኛችሁበት ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልሆነ ነው፤ አርሙልኝ። ቦታ ካነሳችሁም ከመካከሉ ቁረጡ፤ ስለ ዩቲዩብ የጻፍኩትን ብታወጡት ቅር አይለኝም። የእማማን ጥያቄ ግን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ አራሚ
(ስሜና አድራሻዬ በፖስታው ላይ አለ፤ እንዲታተም አልፈልግም)