ዝናቡ ቆርቆሮውን ሳይመታ፦ ለልጆች ንባብ የድጋፍ ጥሪ

የምንቀዳው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ሰቅለናል። አንባቢዋ ስትቀመጥ ደግሞ ጋቢ ከነራሷ ይደረብባታል። ከጋቢው ሥር እሷ፣ ወረቀቷ፣ ስልኳና አንዲት የእጅ ባትሪ ብቻ ይቀራሉ። አንድ ማታ የጎረቤት ልጅ በበሩ ሽንቁር አይቶ «መምህሯን ወባ ጥሏታል!» ብሎ እናቱን ጠርቶብናል።

ስድስት ነን። የልጆች ተረትና የፊደል ጨዋታ በድምፅ እንቀዳለን። ሜሞሪ ካርድ ላይ ገልብጠን፣ ተረቱ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ወደ ገጠር እንልካለን። ማቻከል፣ ስናን፣ አነደድ፣ መኪና እስከደረሰበት። ልጁ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደ ያዳምጣል። ሥራችን ይኸው ነው። ስም እንኳ አላወጣንለትም። ሰዉ «የሜሞሪዎቹ ልጆች» ይለናል። ከልጆቹ አንዷ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

ነገሩን የጀመረችው መምህሯ ናት። 2ኛ ክፍል ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ ሀ ሁን በዜማ አንድ ሳይስት የሚወጣው ልጅ ሞልቷል። ከመሃል «ረ»ን ነጥላ ስትጠቁመው ግን ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከ«ሀ» ተነስቶ በሆዱ እየቆጠረ ወደ «ረ» እየመጣ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ... እንደዚህ እየተቆጠረ አንድ ዓረፍተ ነገር መቼ ያልቃል?

የሰነፍ ልጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ እናንተም ታውቃላችሁ። በዘጠኝ ዓመቱ አንደኛ ክፍል ያልገባ ልጅ በየመንደሩ አለ።

ከስድስታችን አንዱ የሆኑት የኔታ የመምህሯን ጭንቀት ሲሰሙ ሳቁ። «አቡጊዳ ለምን ተሠራ መሰላችሁ?» አሉን። ዝም አልን። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ሀ ሁን ከቆጠረ በኋላ አቡጊዳ ይገባል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። በያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ይለወጣል፣ ቤቱም ይለወጣል። ግዕዝ ብሎ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ ይላል። ሀ ሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። እኛ እኮ ችግሩን ያገኘነው እኛ መስሎን፣ ፕሮጀክት ብለን ልንጽፍለት ተነስተን ነበር! የዋሸራ ቅኔ ቤት ባለበት አገር ተቀምጠን መድኃኒቱን ከሩቅ ስንፈልግ። አሁን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቅጂዎች የኔታ እንዳሉት ፊደል የሚያዘበራርቁ ጨዋታዎች ናቸው። ድምፁ «ጊ የት አለች?» ይላል፣ ልጁ ወረቀቱ ላይ ይፈልጋል።

ለምን ድምፅ፣ መጽሐፍ ብቻ ብትሰጡ አይበቃም ወይ የሚለን ሰው አለ። ደግ ጥያቄ ነው። ፊደላችን ግን የማያሳየው ነገር አለው፤ መጥበቅና መላላትን። «ገና» ብላችሁ ጻፉ። ሲላላ አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «በጉ ይበላል» ብላችሁ ጻፉ። ሣር ነው የሚበላው ወይስ እሱ ራሱ ነው ሰታቴ የሚገባው? አዋቂ ሰው ሳያስበው ይለየዋል። ፊደል እየለቀመ ለሚያነብ ልጅ ግን ጆሮው ቀድሞ ካልሰማው ቃሉ ባዶ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚያነብለት ሰው ያለው ልጅ ይህን ከእናቱ ይወስዳል። የሌለው ከማን ይውሰድ?

እማማ ተረት ነጋሪያችን ናቸው። ሰባ ያለፋቸው እሳቸው ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የልጆች እናት ነበሩ። ቀን ሲያርሙ ውለው፣ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጠሩ። «ያወቅኩት እንዳይጠፋኝ ያገኘሁትን አነባለሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን ቀረጻ ልንጀምር ስንል ጠፉብን። ጓሮ ሄደን ስናይ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ ቆመዋል። ኪሎውን ሳይቀር አንብበው ነው የተመለሱት።

በእሳቸው ጉዳይ ተጨቃጭቀናልም። አንድ ወዳጃችን ቅጂውን ሰምቶ «አማርኛው የገጠር ነው፣ በሬዲዮ አማርኛ ይቀዳ» አለን። እማማ «እንዴት» አይሉም፣ «እንደት» ነው የሚሉት። መምህሯ ወረቀቱን ስታነብ በመጽሐፉ አማርኛ ታነባለች፣ ልጁ የሚጽፈው እሱን ነውና። ተረቱን ግን እማማ በራሳቸው አፍ ይነግሩታል። ስናን ያለ ልጅ ተረት የሚሰማው እንደ አያቱ ነው። ይህን አንለውጥም። የፈለገ ይቀየመን።

ድምፁን የሚያስተካክለው ሞባይል ጠጋኙ ነው። ቀን የሰው ስልክ ሲፈታ ይውላል፣ ማታ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ሳል እየቆረጠ ያመሻል። መብራት ሄደ ማለት ላፕቶፑም ሄደ ማለት ነው፤ ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞ። ዶሮም ይቆርጣል። አንዱን ዶሮ ግን ትቶታል። ተረቱ ንጋት ላይ ሲደርስ ነው የጮኸው፣ እኛም ቀጥረን ያስጮህነው አስመሰለን።

ካርዱን የሚያደርሰው የሚኒባስ ረዳት ነው። በገበያ ቀን ለሚመጣ ዘመድ ያስረክባል። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ደብተር እይዛለሁ፣ እለምናለሁ።

መጀመሪያ በቴሌግራም ነበር የምንልከው። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው የሞተ መስሎን ነበር። ሜሞሪ ካርድ ያኔ የመጣ ሐሳብ ነው። ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ኪስ ይገባል፣ ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል። ኢንተርኔቱ ከተመለሰም በኋላ አልተውነውም። ብዙው ቤት ስማርት ስልክ የለውም፣ ሜሞሪ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ግን አይጠፋም።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬ ለስንት ትውልድ ልጅ ተረት ነገሩበት። እኔ ያየኋቸው ግን አድጌ ከተማ ስገባ ነው። ኋላም መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና ፀሐይ የምትባለዋን የቀጭኔ አሻንጉሊት ለልጆች አመጣች። ያንን ፕሮግራም ስናይ ነው እኛም የተደፋፈርነው፤ አንዲት መምህርትና የቤት ሰው ይህን ካደረጉ ብለን። መብራት ያልደረሰበት መንደር ግን ቀጭኔዋም አትደርስም። ድምፅ ይደርሳል።

ጥፋታችንንም ልንገራችሁ፣ ገንዘብ እየጠየቅሁ መደበቅ አይሆንልኝም። ባለፈው ዓመት 60 ሜሞሪ ካርድ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ይላል። ርካሽ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሳልሞክር ከፈልኩ። መንደር ከደረሰ በኋላ ተረቱ መሃል ላይ ጭጭ ይላል። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ይቆማል፣ አይከፈት አይዘጋ። አንዲት ልጅ ጅቡ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከአባቷ ጋር ገበያ ድረስ መጥታ ረዳቱን ጠይቃዋለች። አሁን አንድም ካርድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሞከር አይወጣም። የደረሰብንን ኪሳራ ስድስታችን ተካፍለን ሸፍነናል።

አሁን ሚያዝያ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል፣ ቀረጻ ያበቃል። አምና የክረምት ማታ ሞክረን ነበር፤ እማማ ከድስት ውስጥ የሚናገሩ ይመስላሉ። ስለዚህ እስከ ግንቦት መጨረሻ የቀሩትን 14 ተረቶች ቀድተን መጨረስ አለብን።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ወረቀትና ፎቶ ኮፒ፣ ምክንያቱም ወረቀት የሌለው ድምፅ ተረት ብቻ ነው፣ ንባብ አያስተምርም። ቀጥሎ ሜሞሪ ካርድና፣ ሬዲዮ ለሌላቸው ቤቶች በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ ሬዲዮ። አንዱ ሬዲዮ ለአምስት ልጅ ይበቃል። ለላፕቶፑ ባትሪ። የአንዱን ዋጋ ዛሬ ብጽፈው በሳምንቱ ይለወጣል፣ ስለዚህ ግምቱን ለጠየቀ ሰው ከነቀኑ እንነግራለን። ደመወዝ የሚወስድ የለም። የረዳቱን ምሳ ግን እንከፍላለን፣ ደብተሩ ላይም «ምሳ» ተብሎ ተጽፏል።

ብር የሌላችሁ መሳቢያችሁን ፈትሹ። አሮጌ ስልካችሁ ውስጥ የተረሳ ሜሞሪ አይጠፋም። ፎቶውን አውጡና ስጡን። ተረት የሚያውቁ አያት ያሏችሁ ደግሞ ይዛችኋቸው ኑ፤ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናው ካረፈ። እንጅባራና ዳንግላ ያላችሁ «ለእኛስ?» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ። የአዊ ልጅ የሚጀምረው በአዊኛ ነው፣ እኛ ውስጥ ደግሞ አዊኛ የሚችል የለም። ሁለት ሰው አምጡልን፣ ጋቢውን እኛ እናለብሳለን።

የባንክ ቁጥሩን እዚህ አላወጣሁም። ሰሞኑን በሰው ስም የሚለምን በዝቷል። ሂሳቡ በሦስታችን ስም ነው፣ ያለ ሦስት ፊርማ ሳንቲም አይወጣም። ከስድስታችን አንዱን የማያውቅ የማርቆስ ሰው የለም፣ በምታውቁት በኩል ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ እዚህ ባሉ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ፣ ደረሰኙን ለእነሱ እንሰጣለን። ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ፊደል» ብላችሁ ጻፉ። አምና አንድ ሰው «ለሰርግ» ብሎ ልኮብን የማን ሰርግ እንደሆነ ስናጣራ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል።