«ሂ ቴክድ ማይ ፔንስል»፦ ለፈተና አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለሥርዓተ ትምህርትና ፈተና ዝግጅት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ በአንዲት ተማሪዬ ምክንያት ነው።

ልጅቷ ለወራት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልተነፈሰችም። «ስታንድ አፕ» ስል ትነሳለች፤ «ክሎዝ ዘ ዶር» ስል በሩን ትዘጋለች። አፏ ግን ዝም። አላስጨነቅኳትም። አዲስ ቋንቋ የሚጀምሩ ብዙ ልጆች ከመናገራቸው በፊት ለረጅም ጊዜ ያዳምጣሉ። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትእዛዝ እየሰሙ፣ እየተንቀሳቀሱ የመማርን ዘዴ ያስተዋወቀው ይህን ይዞ ነው። (በዚህ ዘዴ የተነሳ እኔም ስዘል ነው የምውለው። ማታ ጉልበቴን ይጠይቁት።)

አንድ ቀን አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ እርሳሷን ነጠቃት። ብድግ ብላ «ቲቸር! ሂ ቴክድ ማይ ፔንስል!» አለች። እርሳሱን ማስመለሱን ረስቼ አጨበጨብኩ። ነጣቂውም አብሮኝ አጨበጨበ።

ትክክለኛው «ቱክ» ነው፤ አውቃለሁ። ግን «ቴክድ» ብሎ ያስተማራት ሰው የለም። ስላለፈ ነገር ሲወራ መጨረሻው ላይ «ድ» እንደሚጨመር ከሰማችው ራሷ አውጥታ ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናትም እንዲህ ይላሉ። ደግሞ ግሡን መሀል ላይ አስገብታዋለች። አማርኛችን ግሥን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ጓደኞቿ ገና «ሂ ማይ ፔንስል ቴክ» ላይ ናቸው።

በሳምንቱ ፈተናችሁ መጣ። «ከሚከተሉት ውስጥ የስም (ናውን) ትርጉም የቱ ነው?» ይላል፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁለተኛ ክፍል! ባዶ ቦታ ሙሉ ላይ «ቴክድ» ብላ ጻፈች፤ ኤክስ። ከ10 3 አገኘች። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ስለው «አይ አም ፋይን» የሚለኝ ጎበዝ ሸምዳጅ 9 ደፈነ።

የቃላት አጻጻፉም ሌላ ጣጣ ነው። «ለ» ባዩ ቁጥር «ለ» ብለው የሚያነቡ ልጆች፣ 26 ፊደል ይዞ 44 ያህል ድምፅ የሚያወጣ ቋንቋ ይገጥማቸዋል። «ቲቸር፣ ናይፍ ላይ ኬው ምን ይሠራል?» ይሉኛል። «ድሮ ይነበብ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል» እላቸዋለሁ። እውነትም ነው፤ ድሮ ይነበብ ነበር። እነሱ ይስቃሉ። ፈተናው አይስቅም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛው ውጤት ግማሹ በማዳመጥና በመናገር ይሁን። «ጊዜ የለም» እንዳይሉኝ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። 58 ተማሪዎች አሉኝ። ለእያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ ብሰጥ 116 ደቂቃ ይሆናል። የ40 ደቂቃ 3 ክፍለ ጊዜ ይበቃኛል።

የሚተርፈውን 4 ደቂቃ እርሳስ አስመልስበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር