ለወላጆች፦ የአሻንጉሊት ፕሮግራሙን ከልጆቻችሁ ጋር እዩት

ለአፀደ ሕፃናት፣ ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
አራዳ፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

በዚህ ተርም ስለ ጉልበተኝነት የምናስተምረው በአሻንጉሊት ፕሮግራሞች ስለሆነ ልጆቹ ቤትም ማየታቸው አይቀርም። አደራችን አንድ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ከፍታችሁላቸው ወደ ማጀት አትግቡ።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ስድቡና ግፊያው ረጅሙን ጊዜ ይወስዳል፤ እርቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ሁለቱን አያያይዛቸውም። «አንቺ ከእኛ ጋር አትጫወቺም» የምትለዋን ቃል ይዞ በማግስቱ ሱዚ ሲዘለል ይጠቀምባታል። «እራት ቀርቧል» ተብሎ መሃል ላይ ከተዘጋማ የቀረው ጥፋቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስድቡ እንዳበቃ አቁሙት። «ጥፋተኛው ማን ነው?» አትበሉ፤ ልጆች ፈርደው ይገላገላሉ። «የተሰደበችው አሁን ምን ተሰማት?» በሏቸው። ቀጥሎ ዳር ቆሞ የሚያየውን አሻንጉሊት አሳዩአቸውና «እሱስ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ልጅ ሰዳቢም ተሰዳቢም ሳይሆን ተመልካች ነውና ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ይታይ።

«ማን ነካህ?» ሲባል አንገቱን የሚደፋ ልጅ ስለ አሻንጉሊት ሲጠየቅ አፉ ይፈታል። የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ዋ ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ዕድሜዋ የእነሱ ነው፣ መልኳ ግን ወደ ማንም የክፍል ልጅ አይጠቁምም። ለ2ኛ ክፍሎች ደግሞ ሴሳሚ ስትሪት የተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው የቢግ በርድ፣ የትልቁ ቢጫ ወፍ አሻንጉሊት፣ ታሪክ ይጠቅማል። ሌሎች ወፎች ክበባቸው እንዳይገባ ያንቋሽሹታል፤ በአስማት መልኩን ቢያስቀይርም ሌላ እንከን ያወጡለታል። መነጽሩን ቦርሳው ውስጥ ደብቆ ለሚውል ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ማየት ብቻውን ግን አፍ አያስፈታም፤ ልምምድ ይፈልጋል። እጅ ላይ የሚጠለቁ ሁለት አሻንጉሊቶች ለመሥራት ሁለት አሮጌ ካልሲና ለዓይን አራት ቁልፍ ይበቃል። አራቱ ጣቶች ላይኛው መንጋጋ፣ አውራ ጣት ታችኛው፤ ሲናገር አውራ ጣት ብቻ ይውረድ። ተሳዳቢውን እናንተ ሁኑ፣ ለዘብ አድርጋችሁ፤ ልጁ ተሰዳቢውን፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ተመልካቹን ይሁን። የሚያጠናው አጭር ነው፦ «ተው! ይሄ ደስ አይለኝም» ብሎ ጮክ ማለት፣ ዞሮ መሄድ፣ ለትልቅ ሰው መንገር። ካልሲ የለበሰ ልጅ ቶሎ ወደ ቡጢ ይሄዳል፤ ያኔ ካልሲውን አውልቁለትና ትንሽ ቆይታችሁ ቀጥሉ። የእውነተኛ ልጅ ስም ግን አታስገቡ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ቅጽል ስም ሆኖ ይመጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቃል የሚያፈርሱ ሁለት አባባሎች አሉን፦ «አንተስ እጅ የለህም?» እና «ሳባቂ አትሁን»። የመጀመሪያው ለትንሹ ልጅ ሌላ ዱላ ነው። ሁለተኛው አፉን ይዘጋል። ጓደኛን ለማስቀጣት መናገርና ከጉዳት ለመዳን መናገር ለየቅል መሆናቸውን እኛም ክፍል ውስጥ እያስረዳን ነው።

ልጃችሁ አንድ ነገር ከነገራችሁ ቀኑን፣ ቦታውን (ሰርቪስ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ሜዳ) እና የተባለውን ቃል እንዳለ በመገናኛ ደብተሩ ጽፋችሁ ላኩልን። እባካችሁ በር ላይ የሌላውን ልጅ ጠርታችሁ አትቆጡ።

ለክፍል ልምምዱ እያንዳንዱ ልጅ እስከ ዓርብ አንድ የታጠበ የአዋቂ ካልሲ ይዞ ይምጣ። የልጅ ካልሲ እጅ አያስገባም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር