ለልጄ ለብርቄ፦ የማታውን ኪኒን አትዝለይ

ብርቄ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ወንድምሽ ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ። በደምሽ ውስጥ የተተከለልሽን አንጀት የሚያጠቃ አንቲቦዲ መገኘቱንም፣ «እጄ ይንቀጠቀጣል» እያልሽ የማታውን ኪኒን አንዳንዴ እንደምትዘይውም። ላልቆጣ ነበር ወረቀት ያነሣሁት። አልቻልኩም። የማታውን ኪኒን አትዝለይ!

አባትሽ ዕድሜውን ላቦራቶሪ ውስጥ እንደጨረሰ ረሳሽው? ኪኒኑ ሲጓደል ሰውነትሽ የተተከለልሽን አንጀት ባዕድ መሆኑን ያውቅበታል። በሱ ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። አንቲቦዲው የአንጀቱን ደም ሥሮች ከውስጥ በኩል ይይዛቸዋል፤ ይቆጣሉ፣ ይደፈናሉ፣ አንጀቱም ደም ያጣል። ኩላሊት ቢሆን በደም ውስጥ ክሪያቲኒን የሚባለው ቆሻሻ ከፍ ሲል ይታወቃል። አንጀት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ የለውም። አንጀቱ በሆድሽ ላይ በወጣበት ቀዳዳ ካሜራ እያስገቡ ናሙና የሚቆርጡት ለዚህ ነው። እንዳትሰለቺ፣ ሆዴ። በዚያው ቀዳዳ ወደ ከረጢቱ የሚወጣው ሰገራ ከበዛ፣ ትኩሳት ወይም ደም ካየሽ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪሞቹ ደውዪ።

ያኔ አንጀትሽ ሲጠማዘዝ ጉበትሽ በመትረፉ እልል ብለን ነበር። አሁንም ተመስገን ነው። ግን ጉበት አብሮ ሲተከል አንጀቱን ከአንቲቦዲ ይከላከልለታል። ያንቺ ብቻውን ነው። ያለሽ ኪኒኑ ነው።

ሌላም ነገር ሰምቼ አልወደድኩትም። «ልጅ በመውለዷ ነው» የሚሉ ዘመዶች አሉ አሉ። እርግዝናም ሆነ ደም መውሰድ አንቲቦዲ ሊያስነሣ ይችላል፣ አልክድም። ያንቺ ግን ከንቅለ ተከላው በፊት ሲመረመር አልተገኘም። ይሄ አዲስ ነው። ትንሹ ልጅሽ ምንም አላደረገም፤ እሱ ባለበት እንዲህ ያለ ወሬ እንዳይነሣ።

የደምቢያዋ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። አንቺ ገና አልተወለድሽም። ብዙ የወለደች ናት፤ ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ አመጧት። ወንድሞቿ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው «የኔን ውሰድ፣ የኔን ውሰድ» ይላሉ። የደም ዓይነታቸው አንድ ነው። ግን የሷን ሴረም፣ የደሟን ውሃ ማለቴ ነው፣ ከነሱ ደም ጋር ባገናኘሁት ቁጥር መስታወቱ ላይ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል። ልጆቿ ከአባታቸው የወረሱት ነገር በሷ ደም ውስጥ አንቲቦዲ አስነሥቶ ኖሯል። ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ። ሲነጋ ማይክሮስኮፑን መስኮት ላይ አስቀምጬ በፀሐይ አየሁት። የታናሽ እህቷ ደም አልተቋጠረም! ተሰጣት፣ ተረፈች። ሲሻላት ቅቤ በቅል ይዛ ቤት ድረስ መጣች። እናትሽ የዚያን ቅቤ ነገር እስከዛሬ አልጨረሰችውም።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ የማታው ኪኒን። መንቀጥቀጡ ከመድኃኒቱ ነው፤ የታወቀ ነው። ንገሪያቸው። መጠኑን የሚቀንሱት እነሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። መድኃኒቱ እኮ እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓኖች ከአፈር ካገኙት ባክቴሪያ የወጣ ነው። እኛ እዚህ በ77ቱ ድርቅ መከራችንን ስናይ ማለት ነው። አየሽ፣ ከአፈርም መድኃኒት ይገኛል።

ፕላዝማሽን፣ አንቲቦዲው ያለበትን የደምሽን ፈሳሽ፣ በማሽን ሊለውጡልሽ ነው፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን ከሌሎች ሰዎች ደም የተወሰደ አንቲቦዲም ይጨምሩበታል። ለአንቲቦዲ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ ላይ ስትሆኚ ይበርድሻል፤ ሹራብና ካልሲ ያዢ። የመድኃኒቱ መጠን በደም በሚለካበት ጠዋት ኪኒኑን ይዘሽ ሂጂ፤ ደም ከሰጠሽ በኋላ ዋጪው። ግሬፕ ፍሩት የሚባለውን ፍሬ እንዳትቀምሺ፤ ከኪኒኑ ጋር አይስማማም።

አክስትሽ ዕቃ እየላከችልሽ ነው። ጤና አዳሙንና የቅጠል መድኃኒቱን ከሻንጣው አውጥቻለሁ፤ ብትነግርሽ አታኩርፊ። ሽሮና በርበሬው አለልሽ። ጸበሉን ተቀቢው እንጂ አትጠጪው፤ አልፈላም። ስለ ጾሙ ነፍስ አባታችንን ጠይቄልሻለሁ፤ በሽተኛ አይገደድም ብለዋል።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ለወንድምሽ ሳይሆን ለኔ ንገሪኝ። ማስረዳቱ ካስቸገረሽ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪው፤ አነበዋለሁ።

አባትሽ፣ ከጎንደር